የዘርፉ ባለሙያ

የቃል ምንጭ ሳይጣራ መቀስ በሚነሳበት ዓለም የሰው ልጅ እስከ ዛሬ ራቁቱን አለመቅረቱ ተአምር ነው። ይህን አደጋ ለመቀልበስ ታጥቀው የተነሱት የሙሽሪት አባት ናቸው። ጎረቤቱ «ጋሽ ምንጩ» ይላቸዋል፤ ሰላም ሲሏቸው እንኳ «ሰላም» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ሳያስረዱ አይመልሱም።

ሠርጉ ነገ ነው። ልጃቸው ፀጉሯን ልትሠራ ስትሮጥ አደራ አለቻቸው።

«አባዬ፣ ቬሎዬን ከልብስ ሰፊዋ ተቀበልልኝ። ጠርዙ ስካሎፕ ሆኗል ወይ ብለህ ብቻ ጠይቃት። በናትህ፣ ሌላ ነገር እንዳትናገር!»

ጋሽ ምንጩ ለነገ የተገዛውን ሱፍ ልብስ ለብሰው ሄዱ፤ ኃላፊነቱ ይጠይቃላ! ቬሎው ተሰቅሏል። የታችኛው ጠርዝ በትናንሽ ግማሽ ክቦች ተቆርጦ መሬቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። እንከን የለሽ ነበር፤ ጋሽ ምንጩን ያሳሰባቸውም ይኸው ነው።

«ለመሆኑ ስካሎፕ ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ይሄ ሞገድ ሞገድ የሚለው ነዋ፣ ጋሼ።»

«እሱ የኋላ ኋላ የመጣ ትርጉም ነው! ቃሉ የድሮ ፈረንሳይኛ ነው፤ ዛጎል ማለት ነው። ዛጎል ሰፋ ይላል፣ ያንቺ የጥፍር ቁራጭ ነው የሚመስለው። እኔ የዘርፉ ባለሙያ ነኝ።»

«የቀሚሱ ዘርፍ?»

«የእውቀቱ!»

ልብስ ሰፊዋ የተማረ ሰው ሲቆጣ መቀሷን ታነሳለች። ቆረጠች። ቬሎው ቁርጭምጭሚት ላይ ደረሰ።

«ደግሞ በዚያው ቃል ስስ የሥጋ ቁራጭም ይጠራበታል። ስስነቱ የታለ?»

ገበሩን ገፍፋ ጠርዙን ደግማ ቆረጠች። ጉልበት ላይ ደረሰ።

«ኧረ ጋሼ፣ ጨርቁ እያለቀ ነው!»

«ጨርቅ ያልቃል፤ ትርጉም አያልቅም!»

እውነታቸውን ነው። የቃሉ ምንጭ ወደ ታች በተቆፈረ ቁጥር የቬሎው ጠርዝ ወደ ላይ ወጣ። ሙሽሪት ፀጉሯን ተሠርታ፣ ቬሎው ቢዘገይባት ወደ ልብስ ሰፊዋ ስትመጣ ወገብ አልፎ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

ጋሽ ምንጩ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል አጠራቸው። ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፍታ «ሸሚዝ» አለች።

«አባዬ፣ ነገ ምን ልልበስ? ትርጉሙን?» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

የአባት አንጀት አይችልምና ሊያጽናኗት ተጠጉ። «አይዞሽ የኔ ልጅ። ሸሚዝ የሚለው ቃል ራሱ እኮ፣ ምንጩ ሲታይ...»

ልጅቱ እንባዋን ጠረገች፤ መቀሱን አነሳችና ከአባቷ አዲስ ሱሪ ሥር ተንበረከከች።

«ቀጥል አባዬ፤ ዘርፉን እኔ እይዘዋለሁ።»