የሯጭ ፎቶ ያለ እግር

ሰው ፎቶ ሲመርጥ እንደማየት የሚያዝናና ነገር የለም። ይህን የምላችሁ ደብረ ታቦር ላይ ፎቶ ቤት ከፍቼ ፀጉሬን በዚሁ ሥራ ያሸበትኩ ሰው ስለሆንኩ ነው። ሰርግ ላይ አንድ ሰፈር ሰው አሰልፌ አነሳለሁ፤ በማግስቱ ያ ሁሉ ሰው መጥቶ ፎቶው ላይ የሚፈልገው ራሱን ብቻ ነው። ሙሽራዋ ዓይኗን ጨፍና ይሁን፣ ሚዜው አፉን ከፍቶ ይሁን ደንታ የለውም። «እኔ እዚች ላይ አምሬያለሁ፣ ይችን እጠብልኝ» ይላል። ፊልም ከቀረ ስንት ዘመኑ፣ ዛሬም የሚባለው «እጠብልኝ» ነው፤ እኔም ኮምፒውተሬ ፊት ቁጭ ብዬ «እሺ፣ አጥባለሁ» እላለሁ። አንድ ቀን ግን ከተማው ሁሉ አንድ ሰው የሌለበትን ፎቶ ፍለጋ ደጄ ላይ ተሰለፈ። ያን ቀን ምንም የሚያዝናና ነገር አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናኑ የምትባል ሯጭ አለችን። ውጭ አገር ሮጣ ስታሸንፍ በቴሌቪዥን አይተን፣ ማንም ሳይጠይቀን «የኛ ልጅ ናት» የምንልላት። ከውድድር ስትመለስ እዚሁ ከተማችን፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣ፣ ሰው ይዞ በመጣው ፎቶዋ ላይ እንድትፈርም ፕሮግራም ተያዘ። ድሮ እኛ ከትልቅ ሰው የምንሻው ምርቃት ነበር፤ አሁን ፊርማ ሆነ። ይሁን እንግዲህ፣ ዘመኑ ነው። እሷን ገና በትምህርት ቤት ሜዳ ስትሮጥ ጀምሮ ያነሳኋት እኔ ነኝና፣ ከአንበሳሜም ከሐሙሲትም በሚኒባስ እየመጡ የድሮ ፎቶዋን ያሳጥቡኝ ጀመር።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። እሷ ገና ውጭ አገር ሳለች መምህር መኳንንት አረፈ።

መምህር መኳንንት የስፖርት አስተማሪዋ ነበር ብላችሁ ምንም አልነገርኳችሁም። አባቷ በሕፃንነቷ ነው የሞተባት። እናቷ ቸግሯቸው ልጅቷን ሊድሯት ሲነሱ፣ ደጃፋቸው ድረስ ሄዶ ለምኖ ያስቀረ፣ ከልጆቹ ጋር አስቀምጦ ያስተማረ፣ የመጀመሪያውን የሩጫ ጫማ ያጠለቀላት እሱ ነው። «አባዬ» ነበር የምትለው። ጧት ደኅና ውሎ፣ ማታ ልቡ ቆመና እብናት፣ ወላጆቹ አጠገብ ቀበርነው።

የአገራችንን ደንብ መቼም ታውቃላችሁ። መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። ሊነጋጋ ሲል፣ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ የነፍስ አባት ባሉበት፣ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው በግራ በቀኝ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። የመንገድ ሰውን፣ ያውም በቀትር፣ ያውም በሕዝብ መካከል ማርዳት ነውር ብቻ አይደለም፤ ሰው ያሳብዳል። ስለዚህ አጎቷ ጋሽ አላምረው ሽማግሌ ሰብስበው ወሰኑ። እናኑ ረፋዱ ላይ ትገባለች። ፕሮግራሙ ቢቀር «ምነው ቀረ?» ትላለችና ከሰዓት በኋላ ይካሄዳል። መርዶው በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ይነገራል። እስከዚያ ማንም እንዳይደውልላት፣ ፌስቡክ ላይም እንዳይጽፍ ተባለ። ወንድሟ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ሲቀበላት «ስልክሽን ላስተካክልልሽ» ብሎ ይወስድባታል። መኳንንትን ከጠየቀች «ወገቡን አሞት ዋንዛዬ ፍል ውኃ ወርዷል» ትባላለች። ከለቅሶ የመጡ ሴቶች ነጠላቸውን እንዳያዘቀዝቁ ተነገራቸው።

ሁሉም ነገር ታሰበ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ ግን አንድ ነገር ተረሳ። ፎቶው!

ጋሽ አላምረው በፕሮግራሙ ዕለት በማለዳ ፎቶ ቤቴ ገቡ። «አንተ፣ ይኸ ሁሉ ሰው ምን ዓይነት ፎቶ ነው ይዞ የሚሄደው?» አሉኝ። አሳየኋቸው። አንዱን አይተው ወደ ሌላው ሲያልፉ ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ። በሁሉም ላይ መኳንንት አለ። ስትሮጥ ከጎኗ ሰዓት ይዞ ይሮጣል፤ ዋንጫ ስትቀበል ከኋላዋ ያጨበጭባል፤ ስታለቅስ ትከሻዋን ይዟል።

«ይኸ'ኮ ከትናንት በስቲያ ደረታችን ላይ ይዘን ሙሾ ያወረድንበት ነው! አዳራሽ ውስጥ ያየችው ሴት ሁሉ ዝም የምትል ይመስልሃል? አንዷ እሪ ካለች አለቀልን» አሉ።

«ምን ላድርግ ታዲያ፣ ጋሼ?»

«ቁረጠው» አሉ፤ ያሉትን ራሳቸው ሰምተው አማተቡ።

እናንተዬ፣ ሰው በሞተ በሦስተኛው ቀን ከፎቶ ላይ ማውጣት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። መቀሱን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት፤ ወደ ኮምፒውተሩ ዞርኩ፣ እሱንም ተውኩት። ከደንበኞቼ «ከነሙሉው ካልሆነ ይቅርብኝ» የሚልም ነበር። አፍ ያስያዘችልኝ ሰብለ ናት፤ በቅርቡ ከኩዌት የተመለሰች የሰፈራችን ልጅ። ከእናኑ ጋር አንድ ክፍል ተምራለች፤ ሦስቱም አብረው የተነሱትን ፎቶ ይዛ መጥታ ተራዋን ትጠብቃለች።

«ጋሼ ባዬ፣ እኔ የአባቴን ሞት የሰማሁት የሰው ሕፃን አዝዬ፣ በስልክ ነው። አልቅሼ እንኳ ሳልጨርስ እመቤቲቱ ጠራችኝ። እናኑስ በወጉ ትረዳ። ይቁረጡት» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያጉረመረመ የለም። እኔም አቀርቅሬ ቆረጥኩ።

አሁን ደግሞ የራሴ ጣጣ መጣ። ለራሴስ የቱን ልያዝ? ከእጄ ከወጡት ሁሉ የምወደው አንድ ፎቶ አለኝ፤ ልትሮጥ ስትል መኳንንት በርከክ ብሎ የጫማዋን ክር ሲያስርላት፣ እሷ ከላይ ሆና መሮጫውን አሻግራ ስታይ። እናኑም ትወደዋለች፤ ከተማ በመጣች ቁጥር «የኔና የአባዬ ፎቶ» እያለች ግድግዳዬ ሥር ቆማ ታየዋለች። ብልህ ሰው ቢሆን ሌላ ይመርጥ ነበር። እኔ ግን ባለሙያ ነኛ! ተራ ፎቶ ይዤ መቅረብ ሞቴ ሆነና ያንኑ ከወገብ በላይ አስቀርቼ አጠብኩት። እሱ ወጣ፤ የእሷም እግር አብሮት ወጣ። የሯጭ ፎቶ ያለ እግር።

አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። እናኑ ጠረጴዛው ጋ፣ እናቷ ከጎኗ። እናትየው የሚስቁት ሳቅ ጥርስ የታመመ ሰው ሳቅ ነው። ገና ስትቀመጥ «አባዬስ?» አለች፤ «ዋንዛዬ ወርዷል፣ ወገቡን» አሉ እናትየው። ይህን ጊዜ መስመሩን በሙሉ ሳል ያዘው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ አንድ ልጅ ወይም አንድ ቅብጥብጥ እንዳያመልጠው ሁላችንም እርስ በርስ እንጠባበቃለን። ጋሽ አላምረው በር ላይ ቆመው ፎቶውን እያገላበጡ ነው የሚያስገቡት። ሰው እየቀረበ ያስፈርማል፤ እሷ ትስቃለች፤ እኛ ላብ ያጠምቀናል።

ተራዬ ደረሰ። ፎቶውን አየችና ፈገግ አለች።

«ጋሼ ባዬ፣ እግሬን የት አደረጉት?»

ከኋላዬ ያለው ሰው ከልኩ በላይ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ። «ወረቀቱ አልበቃ ብሎኝ» አልኳት። የፎቶ ቤት ባለቤት ወረቀት አልበቃኝም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እስክሪብቶዋን ፎቶው ላይ አሳርፋ ቆመች። እግሯ ሥር ማን እንደነበረ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ቀና ብላ መስመሩን አየችው። ሁሉም ፎቶውን ደረቱ ላይ አስደግፎ ይዟል፤ የአንዱ ጎኑ ተገምሷል፣ የሌላው እንደ መቀነት ቀጥኗል። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ መሬት መሬቱን ያያሉ።

አለቀ አልኩ በልቤ። አሁን ትጮኻለች፣ እዚሁ እግሬ ሥር ትወድቃለች፣ ያውም በኔ ፎቶ።

እናኑ የምትፈርም መስላ አቀረቀረችና ከኔ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ «ቀበራችሁት?» አለችኝ።

ዓይኔ ቀድሞኝ ሞላ።

«ያብሱት። እማዬ እያየችን ነው» አለች። ፈረመችልኝ። ፎቶውን በሁለት እጇ አቀበለችኝና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ተረኛ ማን ነው?» አለች።

እስከ መጨረሻው ሰው ፈረመች። ሽማግሌዎቹን ከመቀመጫዋ እየተነሳች ጉልበት ሳመች፤ ሰብለንም ሳታቅፍ አላለፈቻትም። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ፣ ያችን የምታህል ልጅ ያን ሁሉ የት እንደምታስቀምጠው አስባለሁ። በሕይወቴ ብዙ ሩጫዋን አይቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን አንጀቴን የበላችበት ጊዜ የለም።

በማግስቱ ገና ዶሮ ሲጮህ ጎረቤት ግቢ ተሰበሰብን። የነፍስ አባቷ መስቀላቸውን ይዘው ቀደሙ፤ ሁላችን ተከትለን ገባን። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ዓይኗ አብጧል። «መንገድ አድክሟት ነው» አሉ እናትየው በሹክሹክታ። ጋሽ አላምረው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። የሰው ልጅ ሁሉ እንግዳ እንደሆነ፣ እግዜር ላያስችል እንደማይሰጥ፣ እያዘገሙ፣ እያዋዙ ተናገሩ። አላቋረጠቻቸውም። አንገቷን ደፍታ፣ ሽማግሌው ወጋቸውን እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው። ስሙን ሲጠሩ ግን ያ ጩኸት ወጣ፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሯት አላዘነ። እናቷ ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዟት። ለቅሶዋ የውሸት አልነበረም፤ ሲታገድ አድሮ ነው የወጣው።

ረፋዱ ላይ ጋሽ አላምረው ደጅ አገኙኝ። ፊታቸው በእንባ ርሷል፤ ግን ደግሞ ሥራውን በወጉ የጨረሰ ሰው ኩራት አለበት።

«አየህ ባዬ? በዚህ በፌስቡክ ዘመን እንኳ ሰው ከተስማማ ምስጢር ይጠበቃል። አንድ ነገር ሳትጠረጥር!» አሉኝ።

«እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ተጠብቋል» አልኳቸው። የጠበቀችው ማን እንደሆነች አልነገርኳቸውም።