የአረም ጠበቃዋ እትዬ አተር

በየሰፈሩ አንድ የአረም ጠበቃ አይጠፋም። «እኛ ሰፈር የለም» የምትሉ ካላችሁ ገና አልተያዛችሁም ማለት ነው።

የእኛዋ ጠበቃ ከምኖርበት ሕንፃ ሥር ጠባብ ሱቅ ተከራይተው ልብስ የሚሰፉ ባልቴት ናቸው። ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ ሁላችንም እትዬ አተር እንላቸዋለን። የሚሟገቱለት ደንበኛ የዱር አተር ነው፤ ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ፣ ያገኘው አጥር ላይ የሚንጠላጠል ሐረግ።

ሱሪ ላሳጥር ስገባ ክብርት ጠበቃዋ ሜትራቸውን ወገቤ ላይ ጠምጥመው ክርክር ይከፍታሉ። ታስሬ የት እሄዳለሁ?

«አረም አትበለው! ሥሩ ላይ ያሉትን እብጠቶች አይተሃል? አፈሩን የሚያበሉት እነሱ ናቸው። አበባው ለንብ፣ ቅጠሉ ለከብት። እንዲህ የሚሠራ ሰው ቤትህ አለ?»

የለም። እኔ ቤት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«ፍሬውስ ይበላል?» አልኳቸው አንዴ፣ ለጨዋታ ያህል።

«ሆድህን ከጠላኸው ብላ!»

ነገሩ በወሬ ቢያበቃ ምን ነበረበት! እትዬ የሰፉትን ልብስ ሲመልሱ ኪሱ ውስጥ ዘር ይጨምራሉ፤ ያውም ሳይናገሩ። ለሥራ እድገት ቃለ መጠይቅ የቀረብኩ ዕለት ላቤን ልጠርግ መሐረቤን ብመዝ፣ ጥቋቁር ፍሬዎች ሦስት አለቆች ፊት ጠረጴዛው ላይ ተንከባለሉ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ መሀል የተቀመጡት።

«የዱር አተር ነው፣ ጌታዬ።»

እድገቱን ሌላ ሰው ወሰደው። በንዴት ጦፌ ሱቃቸው ስደርስ፣ ከስፌት መኪናቸው ቀና እንኳ ሳይሉ «ዘሩን ለቀምከው?» ብለው አረፉት።

ከሕንፃው ጀርባ ድንጋይና የሲሚንቶ ፍርስራሽ የተጣለባት ቁራጭ መሬት ነበረች። እትዬ ብቻቸውን ለቅመው አጸዷት፣ አተራቸውን ዘሩባት፤ ዛሬ ሐምራዊ በሐምራዊ ናት። ባለፈው ወር ታዲያ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር «ሲሚንቶ እናልብሳትና መኪና እናቁምባት» ብለው ስብሰባ ጠሩ። አንዱ ማቆሚያ ለእኔ ነበር። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ!

«ተቃውሞ ያለው?» አሉ ሊቀመንበሩ።

ሁላችንም ወደ እትዬ ዞርን። የሱቅ ተከራይ ድምፅ የለውም፤ እሳቸው ግን ለመናገር ድምፅ ጠይቀው አያውቁም ነበር። ያን ዕለት ግን ጥግ ይዘው፣ ጣታቸውን እያፍተለተሉ መሬት መሬቱን ያያሉ። አንጀቴን በሉት።

ሳላስበው ብድግ አልኩ። «ቆይ እንጂ! ያን ፍርስራሽ አፈር ያደረገው ማን ነው?» ብዬ ጀመርኩ። የሥሩን እብጠት አወራሁ፣ ንቡን አወራሁ። ይባስ ብዬ አዘራሩን ማስተማር ያዝኩ፦ «ልጣጩ ጠንካራ ስለሆነ በመቀስ ነካ ታደርጉትና ሁለት ሌሊት ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፉታላችሁ!»

ሰዉ አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ ለድምፅ እጅ ሲወጣ የሲሚንቶው ሐሳብ ወደቀ። ማቆሚያዬም አብሮ ሄደ።

ምስጋናዬን ልቀበል ወደ ጥጉ ዞርኩ። እትዬ አተር ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ከወንበራቸው ተነስተው ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

«አንድ ሌሊት ነው! ሁለት ሌሊት ከዘፈዘፍከው ይበሰብሳል። አንተ ልጅ፣ ስንቴ ልንገርህ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ደግሞ ልቤ ቅቤ ጠጣ።