እትዬ ወለተሐና የማያልፉት በር

በዚህ አገር የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ባለበት ሁሉ አንዲት ሰው የማታስቀምጥ ፕሮክተር አትጠፋም። መብራት ሊጠፋ፣ ቧንቧው ሳምንት ሙሉ ሊደርቅ ይችላል፤ እሷ ግን አለች። ደብረ ብርሃን ላይ፣ ሰሊሃ በምትማርበት ዩኒቨርሲቲ፣ ይህ ሹመት የእትዬ ወለተሐና ነበር። ተማሪዎቹ በሌሉበት «ክብርት የምርመራ መምሪያ ኃላፊ» ይሏቸዋል።

ክብርት ኃላፊ ምርመራቸውን ሁሉ የሚከፍቱት «አያገባኝም እንጂ» ብለው ነው። አያገባኝም እንጂ ትናንት ካፌ አላየሁሽም። አያገባኝም እንጂ ይህን ሹራብ ከለበስሽው አራተኛ ቀንሽ ነው። ስልክ የምታወራ ልጅ ካዩ እስክትጨርስ አጠገቧ ይቆሙና ለእናቷ ሰላምታ ይልካሉ። አንዴማ ዲኑ ሕንፃውን ሊጎበኙ በመጡበት፣ አንዲት ልጅ ጠርተው ፀጉሯን ለምን እንደተቆረጠች እዚያው ዲኑ ፊት ጠይቀዋታል። ጠዋት ጠዋት በሩን ሁሉ እያንኳኩ ይዞራሉ። «ተኝቻለሁ እትዬ» ለእሳቸው መልስ አይደለም፤ ፊት ሳያዩ አይሄዱም።

ኅዳር ላይ የብሎኩ ልጆች መረራቸው። «የግል ነፃነታችንን ይጋፋሉና ይነሱልን» የሚል ማመልከቻ ተዘጋጅቶ ሠላሳ አንድ ልጅ ፈረመበት። ነገሩን ያነሳሳችው ብሎኩን በሳቋ የምታናውጠው አርሴማ ናት፤ የጻፈችው ደግሞ ጽሕፈቷ የሚያምረው ሰሊሃ።

ሰሊሃ የቆላዋ የአልዩ አምባ ልጅ ናት። አባቷ ሸሪፍ ገበያ ላይ ላገኙት ሰው ሁሉ «ኢንጂነሯ ልጄ» እያሉ ያወሯታል። እሷ ግን ከመስከረም ወዲህ ነገር ሁሉ ጣዕም አጥቶባት ነበር። ምክንያቱን ብትጠየቅ አታውቀውም። አንድ ትምህርት ወድቃለች፤ ግን ከእሷ የባሰ የወደቁ ልጆች ሲስቁ ታያለች። እንቅልፏ ጠፋ። ሶላቷን መጀመሪያ አዘገየች፣ ከዚያ ተወች፣ በመተዋም ራሷን ጠላች። ቤተሰቦቿ ያለ እሷ የሚቀላቸው ይመስላት ጀመር። አንድ ቀን እንደምንም ብላ ምክር አገልግሎት ቢሮ ድረስ ሄዳ ነበር፤ በሩ ላይ «ስብሰባ ላይ ነን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ለእሷ ብቻ የተጻፈ መሰላትና ተመለሰች፤ ሁለተኛም አልሄደችም።

ታኅሣሥ ሲገባ ዕቃዋን ትሰጥ ጀመር። ካልኩሌተሯን ለክፍሏ ልጅ፣ ጫማዋን ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጠች። በመጨረሻ እናቷ ገዝተው ያመጡላትን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ አጠገቧ ለምትተኛው ለጁወይሪያ ሰጠች። ጁወይሪያ ሰደቃ መሰላትና «አላህ ይቀበልሽ» ብላ ተቀበለች። ሌሎቹም ሰሊሃ ዲኗን አጠበቀች ብለው አደነቋት። ሶላት መተዋን ማንም ልብ አላለም።

ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹ ገበያ ወጥተው ሰሊሃ ብቻዋን ቀረች። ያ ቀን የመጨረሻዋ እንዲሆን ቆርጣ ነበር። በሩ ተንኳኳ።

«ተኝቻለሁ እትዬ።»

እትዬ ወለተሐና እስክትከፍት ድረስ ደበደቡት። ገብተው መጀመሪያ ያዩት አልጋዋን ነው።

«አያገባኝም እንጂ፣ ብርድ ልብስሽስ?»

«ሰጠሁት።»

«በታኅሣሥ ውርጭ፣ የቆላ ልጅ ብርድ ልብሷን ትሰጣለች?» አሉና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ልጄ፣ ራስሽን ልታጠፊ አስበሻል?»

እንዲህ በግልጽ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ልትዋሽ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን «አዎ» ነው። ሰማይ ይደፋብኛል ብላ ጠበቀች። እትዬ ግን አልጮኹም፣ አልተቆጡም፣ ኃጢአት ነው አላሉም። እጇን ያዙ። ከዚያ ያወሩላት ስለ ሌላ ልጅ ነበር። ከእነዋሪ ከተማ የመጣች፣ የዛሬ ሦስት ዓመት እዚሁ ኮሪደር ላይ ትኖር የነበረች ልጅ ናት። ያኔም አንኳኩተው ነበር፤ እሷም «ተኝቻለሁ እትዬ» ብላቸው ነበር።

«እውነትም አያገባኝም ብዬ አለፍኩ» አሉ። «አባቷ መጥተው አስከሬኗን ወሰዱ።»

ያን ቀን ሰሊሃን ከአጠገባቸው አላራቁም። ሆስፒታል ወስደው፣ ከወረፋው ሰው ሁሉ ጋር ተጣልተው፣ ሐኪም ፊት አስቀመጧት። ለጁወይሪያ በሰሊሃ ፈቃድ ነገሩን ነግረው ብርድ ልብሱን አስመለሱ፤ የተሰጠ ነገር ማስመለስ ነውር መሆኑ ደንታም አልሰጣቸው። ባጃጅ ውስጥ ሲመለሱ ደግሞ «ማመልከቻውን አሳይተውኛል፤ ጽሕፈትሽ ያምራል» ብለዋት ነበር። ሰሊሃ የምትገባበት ጠፋት።

ሰሊሃ ዳነች ብሎ ማውራት ውሸት ነው። መድኃኒቱ አፍ ያደርቃል። ከሳምንቱ ግማሹን ቀን ለምን እንደምትኖር አታውቅም፤ የምታውቀው ጠዋት አንድ ሰው እንደሚያንኳኳ ነው። እትዬ «አያገባኝም እንጂ፣ ዛሬስ?» ይላሉ። እሷ «ያው ነው» ትላለች። «እሺ፣ ነገም እጠይቅሻለሁ» ብለው ወደሚቀጥለው በር ያልፋሉ። ያንን የምትጠላውን ማንኳኳት ጆሮዋን አቁማ ትጠብቀው ጀመር።

ጥር ላይ ማመልከቻው መልስ አገኘ። ቢሮዎች ሁሉ የሚቀላጠፉበት ጊዜ አላቸው። እትዬ ወለተሐና «በተማሪዎች ቅሬታ መሠረት» ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛውረው ፍራሽ እንዲጠብቁ ተደረገ፤ ፍራሽ ደግሞ እንዴት አደርክ ቢሉት አይመረውም። በቦታቸው የተተካችው ፕሮክተር ጨዋ ናት፤ በር አታንኳኳም። ጠዋቱ ጸጥ አለ፣ ሰሊሃም ጸጥታውን ፈራችው። ያን ማመልከቻ የጻፈው እጇ አስጠላት።

በሦስተኛው ቀን በዚያው እጇ ሌላ ማመልከቻ ጻፈች፤ እትዬ ይመለሱልን የሚል። ጁወይሪያን አስፈርማ በየበሩ መዞር ጀመረች። አንዷ ሳቀችባት። ሌላዋ «ተገላገልን እኮ» አለቻት። ሦስት ፊርማ ይዛ የኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ደረሰች። በሩ የአርሴማ ነው። የአርሴማ ሳቅ ከተሰማ መሰንበቱን ሰሊሃ ያስተዋለችው እዚያ ስትቆም ነበር። አንኳኳች።

«ተኝቻለሁ» አለ ከውስጥ ድምፅ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ሰሊሃ ማመልከቻውን አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችና እንደገና አንኳኳች፤ አሁን ጠንከር አድርጋ።

«አርሴማ፣ አያገባኝም እንጂ፣ ፊትሽን ሳላይ አልሄድም።»