በኮሚቴ የጸደቀ ባል

ጥበብ ባለቤት አጥታ በየአዳራሹ ስትንከራተት ብዙ ዘመን ኖራለች። እነሆ፣ ከቡታጅራ ብዙም በማይርቅ፣ ስሙን በማልጠራው ከተማ፣ ባለቤት አገኘች። የኪነት ቡድኑ ኃላፊ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ወልቂጤ ላይ የሁለት ቀን ሥልጠና ወስደው፣ «ተዋናይ የገጸ ባሕርዩን ስሜት በምናቡ ይገነባል» የሚለውን ታላቅ እውነት ይዘው ተመለሱ። በሁለተኛው ቀን እንኳ አልተገኙም፤ አዋቂ ሰው ግማሹ ይበቃዋል።

ግንባታ ያለ ፈቃድ አይካሄድምና፣ ተዋናይ ሁሉ ምናቡን በሦስት ቅጂ ጽፎ ለኮሚቴ እንዲያቀርብ ታዘዘ።

ባሂራ በድራማው ባሏ የሞተባትን ሴት ትጫወታለች። አራት ዓመት በኮንትራት ሠርታለች፤ ከበላይ መሥሪያ ቤት በሚመጡት ገምጋሚዎች ፊት ከልቧ ካለቀሰች ቋሚ ትሆናለች፤ ካላለቀሰች ትሰናበታለች። ባል የላትም። ሦስት ቀን አውጥታ አውርዳ አንድ ፈጠረች፤ ናጃህ አለችው። በርበሬ ነጋዴ ነው፤ ከገበያ ሲመለስ እያስነጠሰ በር ያንኳኳል። ያንኮራፋል። ሲኮራረፉ ቃል አይተነፍስም፤ ግን የቆጮውን ለስላሳ ጎን ቆርሶ ወደ እሷ ይገፋል። ለኮሚቴው ስታነበው ገና እንባዋ ወረቀቱን አራሰው።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ያንኮራፋል?»

«አዎ ጋሼ። አሁን ቤቱ ጭር ብሏል። የሚያስለቅሰኝ እሱ ነው።»

«የእኛ ሟች አያንኮራፋም! እንግዶቹ ምን ይላሉ? ሰርዢው። ማስነጠሱም ይውጣ፤ ጤና የሌለው ያስመስለዋል።»

«ጋሼ፣ ሞቷል እኮ!»

«ቢሞትስ? ስብሰባ ይገኛል?»

«ወላሂ ጋሼ፣ በርበሬ ነጋዴ ነው…»

«ይገኛል በይ። አርፍዶም አያውቅም። ችግኝ ተክሏል፤ ስንት እንበል?»

«አርባ» አለ አዳነ፣ በድራማው ሬሳ ሆኖ የሚተኛው። ሬሳም የኮሚቴ አባል ነበር።

«አራት መቶ!»

ናጃህ በአራት ስብሰባ ተጣርቶ፣ እንከን ሳይገኝበት ጸደቀ። ቆጮው «ከድራማው ዓላማ ጋር አይገናኝም» ተብሎ ወደቀ። ይህን ውሳኔ የሚነቅፍ ደፋር ካለ ፊት ለፊት ይምጣ! ምናብ ተቆጣጣሪ ካላገኘ እኮ ሰው ያሻውን ሲያስብ ሊውል ነው።

ቀኑ ደረሰ፤ አዳራሹ ሞላ። ባሂራ ከሬሳው ራስጌ ተንበርክካ፣ ዐይኗን ጨፍና የጸደቀውን ባሏን በምናቧ ጠራችው። መጣ፤ ያውም በሰዓቱ። አጀንዳም ይዟል።

«አራት መቶ ችግኝ የተከልከው ባሌ» አለች፤ እንባ የለም። «ከስብሰባ ቀርተህ የማታውቀው ባሌ…» አዛጋት።

«እሰይ ልጄ፣ ተገላገልሽው!» አሉ አንዲት እናት ከመሃል። ሬሳው ከአንሶላው ሥር በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ስቅስቅ ብለው ያለቀሱት አቶ ሀብተጊዮርጊስ ብቻ ናቸው። «እንዲህ ያለ ሰው ይሙት?» ይሉ ነበር፣ የገምጋሚውን ክንድ ይዘው።

ገምጋሚዎቹ «የተዋናይዋ እንባ አልታየም» ብለው ጻፉ። ባሂራ ከመጋረጃው ጀርባ መሰናበቷን ስትሰማ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች። አቶ ሀብተጊዮርጊስ በደስታ እየሮጡ እንግዶቹን ጠሩ።

«ይኸው! አለቀሰች አይደል?»

«እንጀራዬን ነው የማለቅሰው ጋሼ! እባክዎ፣ ካለቀስኩ ቅጠሩኝ።»

«ቅጥር?» ደነገጡ አቶ ሀብተጊዮርጊስ። «ከተቀጠርሽማ እንባው ይቆማል!»

በማግስቱ ሪፖርቱ ተጻፈ፦ «ስንብት የተዋናይን ስሜት በመገንባት ረገድ ከምናብ የላቀ መሆኑ በተግባር ስለተረጋገጠ፣ ከሚቀጥለው ድራማ በፊት ቀሪዎቹ ተዋንያን በሙሉ እንዲሰናበቱ በአክብሮት እንጠይቃለን።»