የተቀመጡትና የቆሙት

[ሳሎን። አባት መዶሻ ይዞ ወንበር ላይ ቆሟል። ሴት ልጁን ለወንድ ልጃቸው ሊጠይቁ የሚመጡት ሰዎች መንገድ ላይ ናቸው። የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ አጎት፣ ከታች ሆኖ ያዛል። ጥግ ላይ ካለው አበባ የተሳለበት ሣጥን ወጥቶ የሚሰቀለው አሮጌ ፎቶግራፍ ላይ አንድ ሰው ተቀምጠዋል፤ ሌላው ከኋላቸው ቆመዋል። አባት ከምሳ ጀምሮ ሊናገረው የፈለገው ነገር አለ፤ አጎት ግን ፋታ አልሰጠውም።]

አጎት፦ ወደ ግራ! ግራና ቀኝህን ሳትለይ ነው ልጅ የምትድረው?

አባት፦ ጋሼ፣ ሚስማሩን ከመምታቴ በፊት አንድ ነገር...

አጎት፦ ምታ! አማቾቹ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት የእኔን አያት ይሁን። ዘር ከልጓም ይስባል!

አባት፦ [ሚስማሩን መትቶ ፎቶውን ሰቀለ] አያትዎ የትኛው ናቸው?

አጎት፦ ይሄም ይጠየቃል? የተቀመጡት ናቸዋ! ጌታ ይቀመጣል፣ ሎሌ ይቆማል። አፍንጫቸውን እይ፤ ከዚያ የእኔን እይ።

አባት፦ [አየ፤ ደግሞ አየ] የእርስዎ... ትንሽ ወረድ አላለም?

አጎት፦ ዕድሜ ነው! ኮቱንስ አየኸው? ያኔ እንዲህ ያለ ኮት ማን ነበረው?

አባት፦ ፎቶ ቤቱ። የመጣው ሁሉ እሱን ለብሶ ነበር የሚነሳው።

አጎት፦ የእናንተ ወገን ይዋስ ይሆናል። የእኛ አይዋስም።

አባት፦ የቆሙትስ?

አጎት፦ ሎሌያቸው ነዋ። ጆሮውን ተመልከት፤ እንደ በር የተከፈተ! ከሰፈር ማዶ ሲጠሩት እንዲሰማ የተፈጠረ። ምስኪን፣ በዚህ ፊት ላይ ሐሳብ የሚባል ነገር አልፎ አያውቅም።

[አባት የአጎትን ጆሮ ሰረቅ አድርጎ አየና አቀረቀረ።]

አባት፦ ጋሼ፣ የሣጥኑ ነገር...

አጎት፦ ሣጥን አታንሳብኝ! የእናንተን ዝገታም ሣጥን ጠዋት ለቆሻሻ መኪና ሰጥቼ ገላገልኳችሁ። ይሄን አበባ የተሳለበትን ግን ገና ሳየው የእኛ መሆኑን አወቅሁ።

አባት፦ [መዶሻው ከእጁ ወደቀ] ሰጡት?

አጎት፦ አመስግነኝ እንጂ!

አባት፦ ጋሼ... አበባ ያለበት የእናቴ ነው። ዝገታሙ ነው የእናንተ።

አጎት፦ [እየሳቀ] እና እኚህ የተቀመጡት?

አባት፦ የእኔ አያት።

አጎት፦ [ሳቁ ከሰመ] የእኔስ የት ሄዱ?

አባት፦ ቆመዋል።

አጎት፦ ማን አለ? በምን ታውቃለህ?

አባት፦ [በትሕትና] በጆሯቸው። ዘር ከልጓም ይስባል ብለውኝ የለ?

አጎት፦ የእኔ አያት የማንም ሎሌ አልነበሩም!

አባት፦ አልነበሩም። ጎረቤታሞች ነበሩ፤ አብረው ሊነሱ ሄዱ። ፎቶ ቤቱ ያለው አንድ ወንበርና አንድ ኮት ነው። መጀመሪያ የእኔ አያት ተቀመጡ፣ ከዚያ ተለዋወጡ። ሁሉም የተቀመጠበትን ፎቶ ይዞ ቤቱ ገባ።

አጎት፦ እኮ! የእኔ የተቀመጡበትን አምጣና ስቀል!

አባት፦ እሱማ ዝገታሙ ሣጥን ውስጥ ነበር። እህትዎ ስንጋባ አሳይታኛለች።

[አጎት ወደ ተሰቀለው ፎቶ ጣቱን ቀሰረ።]

አጎት፦ አውርደው ይሄን!

አባት፦ ላውርደው? ከእንግዲህ አያትዎ የሚገኙት እዚህ ላይ ብቻ ነው።

[በሩ ተንኳኳ።]

አጎት፦ ...ተወው፣ እንደተሰቀለ ይቆይ። የቆሙት ማን ናቸው ቢሉህ ግን...

አባት፦ የጋሼ አያት ናቸው እላለሁ፤ ምን አሳፍሮኝ?

አጎት፦ ባርኔጣዬን አምጣልኝ።

አባት፦ ቤት ውስጥ?

አጎት፦ [ጆሮዎቹን በሁለት እጁ ሸፍኖ] በረደኝ አልኩህ!