ጠያቂ ሳይመጣ መዳን

ነጭ ክር የአልጋ ልብስ ፋብሪካ
ከጉዳትና ከሕመም የተነሱ ሠራተኞችን ወደ ሥራ መላሽ ኮሚቴ

ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ፣ የፋብሪካው አስተዳደር ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ሰዓት፦ የተጠራው 8፡00፣ የተጀመረው 9፡20። የዘገየው የሰብሳቢው ለስላሳ ወንበር ሲፈለግ ነው፤ አልተገኘም፤ በእንጨት ወንበር ተጀመረ።

የተገኙ
1. አቶ ሸዋንግዛው ደምሴ፣ የአስተዳደር ኃላፊ፣ ሰብሳቢ
2. አቶ ፊልሞን ሳሙኤል፣ የምርት ክፍል ኃላፊ፣ አባል
3. ወ/ሮ ጥሩወርቅ አበጋዝ፣ የሠራተኞች ተወካይ፣ አባል
4. ወ/ት ሩሀማ ጴጥሮስ፣ ጸሐፊ፣ ድምፅ የሌላት

ያልተገኙ
አቶ ማርቆስ ዳንጊሶ፣ የሥራ ደኅንነት ባለሙያ፣ አባል። «ተጠንቀቅ» የሚል ማስታወቂያ ሲሰቅሉ ከመሰላል ወድቀው ቤት ተኝተዋል።

ድምፅ ከሚሰጡት አራት አባላት ሦስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ባለጉዳይዋ ወ/ሮ ደብሪቱ ላቀው ከጠዋት ጀምሮ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ይጠባበቃሉ።

አጀንዳ 1፦ ለወ/ሮ ደብሪቱ ቀላል ሥራ ስለመፈለግ

ሰብሳቢው ጉዳዩን ሲያስረዱ፣ ወ/ሮ ደብሪቱ አምና መጋዘን ውስጥ የጨርቅ ጥቅል ወገባቸው ላይ ወድቆባቸው እንደነበር፣ አሁን መዳናቸውን፣ የሐኪሞች ቦርድም ከባድ ዕቃ እንዳያነሱና ቀላል ሥራ እንዲሰጣቸው መጻፉን ገለጹ። የጉዳት ፈቃዳቸው በዚህ ወር መጨረሻ ስለሚያልቅ፣ እስከዚያ ሥራ ካልገቡ ከሠራተኛነት እንደሚሰናበቱም አክለዋል።

አቶ ፊልሞን በምርት ክፍል ቀላል ሥራ የሚባል ነገር እንደሌለ አስታወቁ። አንሶላ ማጠፍ ቀላል አይደለም ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ አንዱ አንሶላ ቀላል ቢሆንም ከኋላው ሌላ አንሶላ እንደሚመጣ መለሱ። ወ/ሮ ጥሩወርቅ በአስተዳደር በኩል ማኅተም መምታት እንዳለ ቢጠቁሙ፣ ሰብሳቢው ማኅተም በክብደቱ ሳይሆን በኃላፊነቱ እንደሚከብድ፣ እሳቸውም ማታ ማታ ክንዳቸውን እንደሚያሹ ገለጹ። በር ጥበቃስ ሲባል፣ በሩን መዝጋቱ ይከብዳል ተባለ። ቀጥሎም አቶ ፊልሞን በዚህ ቤት ቀላል ሥራ አለ ብሎ በጽሑፍ ማስፈር፣ ነገ ከላይ ያሉት አንብበው ሰው እንዲቀንሱ መጋበዝ መሆኑን አሳሰቡ። ከዚያ በኋላ ሁሉም የየራሱን ሥራ ክብደት በየተራ አስረዳ። ጸሐፊዋ የእሷን አልተጠየቀችም።

ከረዥም ውይይት በኋላ፦ በፋብሪካው ቀላል ሥራ አለመኖሩ በሙሉ ድምፅ ታውቆ፣ ወ/ሮ ደብሪቱ ከባዱን ሥራ ቀለል አድርገው እንዲሠሩ ተወሰነ። (ውሳኔ 1)

አጀንዳ 2፦ ስለ ጥየቃ

ይህ አጀንዳ አልተያዘም ነበር። ባለጉዳይዋ ይጠሩ ሲባል ወ/ሮ ጥሩወርቅ እጃቸውን አወጡ። ሴትዮዋ ዓመት ሙሉ ሲተኙ ከፋብሪካው አንድም ሰው ቱላ ቤታቸው ድረስ ሄዶ «እግዜር ይማርሽ» እንዳላላቸው፣ አሁን ዝም ብለው ሥራ ቢገቡ «ጠያቂ ሳይመጣላት ዳነች» ተብሎ እስከ ዕለተ ሞታችን እንደምንሰደብ ተናገሩ። በምን ዓይናችን እናያታለን ሲሉም ጠየቁ።

አቶ ፊልሞን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ። ወ/ሮ ጥሩወርቅ ጅቡ ማን፣ ውሻዋ ማን እንደሆነች በስም እንዲገለጽላቸው ጠየቁ። ይህ ማብራሪያ ብዙ ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻም ውሻ የተባለው ኮሚቴው በጠቅላላው መሆኑ ተገልጾ እርቅ ወረደ።

አቶ ፊልሞን ነገ እዚሁ ሥራ ቦታቸው ላይ ብርቱካን ይዘን እንጠይቃቸው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ጥሩወርቅ ቆሞ የሚሠራ ሰው እንደማይጠየቅ፣ በሽተኛ የሚጠየቀው ተኝቶ እንደሆነ አስረዱ። ሰብሳቢውም ሁለቱን ወገን የሚያስማማ መፍትሔ አለኝ ብለው፣ ሴትዮዋ ቤታቸው ተመልሰው ይተኙ፣ ኮሚቴው በወጉ ይጠይቃቸው፣ ከዚያ ተነስተው ይምጡ አሉ። ለጉዞው የፋብሪካው መኪና ያስፈልጋል። መኪናው ጋራዥ ነው። ጋራዡ መቼ እንደሚጨርስ አይታወቅም።

ከረዥም ውይይት በኋላ፦ ወ/ሮ ደብሪቱ መኪናው ተሠርቶ እስኪጠየቁ ድረስ በሕመም ላይ እንዲቆዩ ተወሰነ። (ውሳኔ 2)

ባለጉዳይዋ ተጠርተው ውሳኔው ተነበበላቸው። እሳቸውም እንዲህ አሉ፦ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ድኛለሁ። እንግዲህ የምታመመው መልሳችሁ ስታስተኙኝ ነው። ወሩ ካለቀ ደግሞ መሰረዜ ነው።»

ሰብሳቢው በአባትነት መንፈስ «አይዞሽ ልጄ፣ ስትሰረዥም መጥተን እንጠይቅሻለን» አሉ።

አጀንዳ 3፦ ድንገተኛ

ሰብሳቢው ይህን ተናግረው ሴትዮዋን በር ድረስ ለመሸኘት ከእንጨት ወንበሩ ሲነሱ ወገባቸው ያዛቸው። ግማሽ ድረስ ተነስተው ቀሩ። ፊታቸው ወደ ጠረጴዛው እንደተደፋ ስብሰባው እንዲቀጥል አዘዙ፤ ቀጠለ።

አቶ ፊልሞን ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ሰብሳቢው ከአሁን ጀምሮ ጉዳት የደረሰባቸው ሠራተኛ መሆናቸውን አስታወሱ። በውሳኔ 1 መሠረት የሚሰጣቸው ቀላል ሥራ እንደሌለ፣ በውሳኔ 2 መሠረት ደግሞ መኪናው ተሠርቶ እስኪጠየቁ ሥራ መግባት እንደማይችሉ ገለጹ። እስከዚያ ማኅተሙን ራሳቸው አቶ ፊልሞን ሊይዙ ፈቃደኛ መሆናቸውንም ጨመሩ።

ሰብሳቢው ለጠረጴዛው «ነገ ሥራ እገባለሁ፤ ደህና ነኝ» አሉ። ወ/ሮ ጥሩወርቅ እስቲ ቀና ይበሉ አሏቸው። አልቻሉም። ሰብሳቢው ወገብ መያዝ የአቀማመጥ ጉዳይ እንጂ ሕመም እንዳልሆነ ገልጸው፣ ሁለቱም ውሳኔዎች እንዲሻሩ ሐሳብ አቀረቡ። ድምፅ ሳይሰጥበት ጩኸታቸው ስለበረታ፣ ስብሰባው ሳይቋረጥ ወደ ግቢው በር እንዲዛወር ተደረገ።

እንዴት እንደሚያወርዷቸው ማንም አላወቀም። ወ/ሮ ደብሪቱ ቀርበው በብብታቸው ገቡና ደረጃውን ቀስ አድርገው አወረዷቸው፤ አቶ ፊልሞን የሰብሳቢውን መነጽር ያዙ። ሰብሳቢው፣ ሐኪሞቹ ወ/ሮ ደብሪቱ እንዳያነሱ ከከለከሉት ከባድ ዕቃ ይቆጠራሉ ወይ የሚል ጥያቄ ተነስቶ፣ ለክብራቸው ሲባል ታልፏል።

ሰብሳቢው ባጃጅ ውስጥ ከገቡ በኋላ፣ ሁለቱ አባላት ዛሬውኑ ታቦር ሰፈር ቤታቸው ድረስ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቋቸው ተስማሙ። መኪና አላስፈለገም። ጸሐፊዋ በዚህ ማፈሯ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝላት ጠየቀች። ድምፅ የላትም ተብሎ ውድቅ ሆነ። ቃለ ጉባኤውን የምትጽፈው ግን እሷ ናት፤ አፍራለች።

ስብሰባው ባጃጁ ሊነሳ ስለሆነ በ11፡40 ተጠናቋል።

የመጨረሻ ውሳኔ (ባጃጁ በር ላይ በሙሉ ድምፅ የጸደቀ)፦ ውሳኔ 1 እና ውሳኔ 2 እንዳልነበሩ ተቆጥረው ተሽረዋል። ሰብሳቢው ደህና ናቸው። ወ/ሮ ደብሪቱ «እኔስ፣ ነገ ልግባ?» ብለው ጠይቀው፣ ይግቡ የሚልም አይግቡ የሚልም ውሳኔ ስለሌለ፣ ጉዳያቸው ሰብሳቢው ሥራ ሲገቡ እንደ አዲስ እንዲታይ ተወስኗል።

ወ/ሮ ደብሪቱ ይህን ሰምተው ወደ ባጃጁ ጎንበስ አሉና «ጋሼ፣ እግዜር ቶሎ ይማርዎ» አሉ። ከልባቸው እንደነበረ ጸሐፊዋ ትመሰክራለች።