ማዕረግ በመስኮት ግንባር ላይ

አዳማ ውስጥ ዶክተር ያልሆነ ሰው ቀርቶ ይሆን? ከቀረ እኔ ነኝ። ምናልባት ደግሞ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ፤ ለእሱም ቢሆን አልምልም።

ጋሽ ታደለን ተመልከቱልኝ። መድኃኒት አከፋፋይ ናቸው። አምና በኢንተርኔት ተልኮ የመጣ የክብር ዶክትሬት ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉ። ማን ሰጣቸው? እንጃ። በምን ሙያ? ማኅተሙ ስለሸፈነው አይነበብም። ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ ማዕረግን ግን ዘንድሮ ማንም ያወጣዋል። ከዚያ ወዲህ "ጋሼ" ያላቸው ወየውለት። ስንት ዘመን መጋዘናቸውን የያዙት ኦቦ ቱፋ እንኳ "ዶክተር" ማለት እስኪለምዱ ድረስ ፍዳቸውን ነው ያዩት።

እኔ ደግሞ የመጋዘኑን የኮምፒውተር ፕሮግራም የምሠራላቸው ሰው ነኝ። ከወደዱት ለባቱና ለደራ ቅርንጫፎቻቸውም ሊያሠሩኝ፣ እኔም ከሰው ስልክ ስክሪን መቀየር ልገላገል። ስለዚህ ያሉኝን ሁሉ እሺ ነው።

ፕሮግራሙ የአንድ መድኃኒት ቀን ሲያልፍ ትንሽ መስኮት ብቅ አድርጎ "ይወገድ?" ብሎ ይጠይቃል። እሳቸው ጥያቄውን መች አዩት! ያዩት ከላይ ያለችውን ቀጭን መስመር ነው፤ የመስኮቷ ስም የሚጻፍባትን፣ ጥጓ ላይ መዝጊያ ኤክስ ያለባትን። ምነው ባዶዋን ቀረች አሉ። ስማቸው ከነማዕረጉ ይግባባት፣ በወርቅ ቀለም፣ በሁሉም መስኮት ላይ!

እስቲ ለእኚህ ሰው ማን ያስረዳልኝ? ያቺ መስመር እኮ የእኔ አይደለችም። ግቢው የእኔ ነው፣ አጥሩ የኮምፒውተሩ ነው። ቀለሟን እንዳሻኝ ልቀይር ካልክ ነቅለህ ጥለህ የራስህን መሳል ነው። ስትነቀል ደግሞ መዝጊያውም፣ መስኮቷን ይዘው የሚጎትቱበትም አብሮ ይሄዳል። ይህን ብነግራቸው፣ ዶክተር ነኝ፣ ይገባኛል አሉኝ። ምን ይገባቸዋል! እኔም ከሳቸው አልሻልም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ወርቅ ስቀባ ከርሜ መዝጊያውን መልሼ መሥራቱን ረሳሁት።

ፕሮግራሙ የሚመረቅበት ቀን መጋዘኑ ውስጥ ወንበር ተደረደረ። ፓስተራቸው መጡ፣ አማታቸው መጡ፣ ከባቱና ከደራም የቅርንጫፍ ኃላፊዎቹ መጡ። ፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ በራ፣ ኦቦ ቱፋ ማውሱን ያዙ። የመጀመሪያውን ሽሮፕ እንደነኩ መስኮቷ ብቅ አለች። ዓይናቸው ደከም ስላለ ጮክ ብለው ነው የሚያነቡት። ከላይ በወርቅ፦ "ዶክተር ታደለ"። ከሥሩ፦ "ጊዜው አልፎበታል። ይወገድ?"

ያልጠረጠረ ተመነጠረ! እኔ እኮ ሽሮፑን ማለቴ ነበር። ኦቦ ቱፋ ግን ዞር አሉና በፍጹም ትሕትና ጠየቋቸው፦

"ዶክተር፣ አዎ ልበል እንዴ?"

ፓስተሩን ሳል ያዛቸው። አማትየዋ አፋቸውን በመሐረብ ያዙ። ጋሽ ታደለ ዝጋው፣ ዝጋው እያሉ ጮኹብኝ። በምን ልዝጋው? መዝጊያውን ለወርቁ ሠውቼዋለሁ! ወደ ጥግ ልጎትታት ብል አትነቃነቅም። "አይ" ብዬ ባባርራት ቀጣዩ ካርቶን ተተካ፤ እንደገና ዶክተር ታደለ፣ እንደገና ይወገድ። ባቱና ደራ ከእጄ ሲያመልጡ ታዩኝ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ቢሮ አስጠሩኝ። በቃ፣ ወይ ስሜን አውርድ ይሉኛል፣ ወይ እኔን ያወርዱኛል ብዬ ገባሁ። ፊታቸው ደም መስሏል።

"አንተ!" አሉኝ። "እኔ እኩያህ ነኝ? በአማቴ ፊት 'አልፎበታል' ትለኛለህ? አንቱታው የት ሄደ?"

ይቅርታ ጠየቅኩና እዚያው ቁጭ ብዬ አስተካከልኩ። አነበቡት፣ ደስ አላቸው፣ የባቱንም የደራንም ውል ፈረሙልኝ። ዛሬ ከሦስቱ ቅርንጫፎቻቸው ወደ አንዱ ጎራ ብትሉ፣ መስኮቷ ወርቋን ተቀብታ በሙሉ አክብሮት ትጠይቃለች፦

"ዶክተር ታደለ። ጊዜያቸው አልፎባቸዋል። ይወገዱ?"